ክሮዞንን በባሕሩ ሰዓት መጎብኘት

ፈረንሳይ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ፓሪስን ነው። ትንሽ ዞር ዞር ያለ ሰው ኒስንና ማርሴይን ይጨምራል። የምዕራቡን ጫፍ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። እዚያ፣ ብረታኝ በሚባለው ክልል፣ ፊኒስቴር በተባለው አውራጃ ውስጥ፣ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ዘልቆ የገባ የገጠር ምድር አለ። ክሮዞን ይባላል። በሦስት በኩል ባሕር ነው። ገደሉ ረጅም ነው፣ አሸዋው ነጭ ነው፣ መንደሮቹ ትንንሽ ናቸው። አካባቢው በ1969 ከተቋቋመው የአርሞሪክ የተፈጥሮ ፓርክ ይመደባል።

አውሮፓ ውስጥ የምትኖሩ፣ የዕረፍት ቀን አግኝታችሁ ከከተማ ጫጫታ መውጣት የምትፈልጉ ከሆነ ይህ ቦታ ለእናንተ ነው። ለሥራ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ፓሪስ መጥታችሁ ሦስት አራት ቀን ከተረፋችሁም ይበቃል። ዓመቶቹን በሙሉ የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር እወቁ። እዚህ ቀኑን የሚመራው የእናንተ ፕሮግራም አይደለም፤ የባሕሩ ሙላትና ሽሽት ነው። ጠዋት ኳስ የተጫወታችሁበት ሰፊ አሸዋ ከሰዓት በኋላ ከራስ በላይ ውኃ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ከዚያ እንጀምር።

አንድ፦ ከሆቴል በፊት የባሕሩን ሠንጠረዥ ክፈቱ

የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ሃይድሮግራፊ ተቋም፣ በአጭሩ ሾም የሚባለው፣ የእያንዳንዱን ወደብ የሙላትና የሽሽት ሰዓት አስቀድሞ ያወጣል። በስልክ በነፃ ይታያል። በየቱሪስት ቢሮውና በየዳቦ ቤቱም በትንሽ ወረቀት ታትሞ ታገኙታላችሁ። ለክሮዞን በአቅራቢያው ያሉትን ወደቦች፣ የካማሬን፣ የሞርጋን ወይም የብሬስትን ሠንጠረዥ ያዙ።

እያንዳንዱ ቀን አብዛኛውን ጊዜ አራት ሰዓቶች አሉት፤ ሁለቱ ባሕሩ የሚሞላባቸው፣ ሁለቱ የሚሸሽባቸው። «ፕሌን ሜር» ማለት ሙሉ ነው፣ «ባስ ሜር» ማለት ዝቅተኛው ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ስድስት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ይፈጃል። በየቀኑም ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ስለዚህ ዛሬ ያያችሁት ሰዓት ለነገ አይሠራም።

ከሰዓቱ አጠገብ ደግሞ «ኮኤፊሲያን» የሚል ቁጥር አለ። ከ20 እስከ 120 ይደርሳል። ለጎብኚ ከሁሉም የሚጠቅመው ይህ ቁጥር ነው። 70 መካከለኛ ነው። ከ95 በላይ ሲሆን ባሕሩ በጣም ይሞላል፣ በጣምም ይሸሻል። በብሬስት አካባቢ ቁጥሩ 100 ሲሆን በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው ልዩነት 6 ሜትር ገደማ ነው። ይህ የሁለት ፎቅ ቤት ቁመት ነው። ቁጥሩ 45 ሲሆን ግን ሦስት ሜትር እንኳን አይሞላም።

አንድ መስመር አብረን እናንብብ። ለምሳሌ ሠንጠረዡ «ባስ ሜር 13፡10፣ ኮኤፊሲያን 98» ይላል እንበል። 13፡10 በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 7 ሰዓት ከ10 ነው። ባሕሩ በዚያ ሰዓት ርቆ ይሸሻል። ሙሉ የነበረው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ ነው። የሚሞላው ደግሞ ማታ 1 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። እንግዲህ ከረፋዱ እስከ ቀትር አለቱና አሸዋው የእናንተ ነው፤ ከዚያ በኋላ ውኃው ተመልሶ ይመጣል።

ውኃው የሚመጣው እኩል በሆነ ፍጥነት አይደለም። የባሕር ሰዎች ስድስቱን ሰዓት እንዲህ ያሰሉታል፦ በመጀመሪያው ሰዓት ከጠቅላላው አሥራ ሁለት እጅ አንዱ ይነሣል፣ በሁለተኛው ሁለቱ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሦስት ሦስቱ፣ ከዚያ ሁለቱ፣ በመጨረሻም አንዱ። ልዩነቱ 6 ሜትር በሆነበት ቀን በሦስተኛው ሰዓት ውስጥ ብቻ አንድ ሜትር ተኩል ይነሣል ማለት ነው። ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ሰዓት ምንም የተለወጠ አይመስልም። ከዚያ በድንገት መንገዱ ይዘጋል።

በአንዳንድ የታተሙ ሠንጠረዦች ላይ ያለው ሰዓት የበጋውን የሰዓት ለውጥ አይጨምርም። ወረቀቱ ግርጌ ላይ ማስታወሻ ይኖራል። ካልተጨመረ አንድ ሰዓት ደምሩ።

አሁን ሠንጠረዡን ይዛችሁ ቀኖቻችሁን ደልድሉ። ጨረቃ ሙሉ ከሆነች ወይም ከጠፋች በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ቀናት ቁጥሩ ከፍ ይላል። በዚህ አካባቢ በበጋው በእነዚያ ቀናት ዝቅተኛው ሰዓት ከቀትር በኋላ ብዙም ሳይቆይ ይውላል። በአለት መካከል ለመዘዋወርና ወደ ደሴት በእግር ለመሻገር ምቹው ጊዜ ያ ነው። በጨረቃዋ ሩብ ሰሞን ደግሞ ቁጥሩ ዝቅ ይልና ባሕሩ ቀትር ላይ ሙሉ ይሆናል፤ ለዋናና ካያክ ለሚባለው ጠባብ የመቅዘፊያ ጀልባ ያ ይሻላል። በገደል ላይ ለመራመድ ግን የትኛውም ቀን ይሆናል። ቀን መምረጥ የምትችሉ ከሆነ ከፍ ያለውንም ዝቅ ያለውንም የያዘ አራት አምስት ቀን ውሰዱ።

ሁለት፦ ወቅቱን ምረጡ

ጁላይና ኦገስት ሞቅ ይላል፣ ሁሉም ነገር ክፍት ነው፣ ዋጋውም ይወደዳል። እኔ ለሰው የምመክረው ጁንን ወይም ሴፕቴምበርን ነው። በጁን መጨረሻ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ነው፤ የቀኑ ርዝመት ብቻውን ሌላ ዕረፍት ነው። በሴፕቴምበር ደግሞ ሕዝቡ ይሄዳል፣ ባሕሩ ገና አልቀዘቀዘም። በኦገስት የምትሄዱ ከሆነ የሚያጽናና ነገር አለ፦ በገደሉ አናት ላይ ያለው ቁጥቋጦ ሐምራዊና ቢጫ አበባ አብቦ ታገኙታላችሁ።

ሦስት፦ መድረሻውን አስሉ

የሼንገን አገር መኖሪያ ፈቃድ ካላችሁ ፈቃዱንና ፓስፖርታችሁን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ከእንግሊዝ የምትመጡ ግን የእንግሊዝ መኖሪያ ፈቃድ አያስገባም፤ ቪዛ ያስፈልጋል።

ከአዲስ አበባ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የምትመጡ ሻርል ደ ጎል ታርፋላችሁ። የብሬስት ፈጣን ባቡር የሚነሣው ግን ከሞንፓርናስ ጣቢያ ነው። ከተማውን ማቋረጥ አለባችሁ፤ ለዚያ ከአንድ ሰዓት በላይ ያዙ። ከሞንፓርናስ ብሬስት ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ቲኬቱ ቀድማችሁ ከገዛችሁ ይረክሳል፣ ቀኑ ሲደርስ ግን እጥፍ ሊሆን ይችላል።

ከብሬስት ወደ ክሮዞን ሁለት መንገድ አለ። በየብስ በመኪና ወይም በአውቶቡስ አንድ ሰዓትና ከዚያ ትንሽ በላይ ነው፤ በ2011 የተከፈተውን ጥምዝ የቴሬኔዝ ድልድይ ትሻገራላችሁ። በበጋ ደግሞ ከብሬስት ወደብ ለ ፍሬ ወደምትባል ትንሽ መንደር የመንገደኛ ጀልባ አለ። ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። መኪና ከሌላችሁ በጀልባው ሂዱ። የብሬስትን የባሕር ወሽመጥ መሃል ለመሃል ያቋርጣል፤ ጉዞው ራሱ ጉብኝት ነው።

መኪና ያስፈልጋል ወይ? ብዙ ሰው ይጠይቃል። ሁለት ልጆችና ሻንጣ ካላችሁ አዎ። ብቻችሁን ወይም ሁለት ከሆናችሁ ግን ሞርጋ ወይም ካማሬ አድራችሁ በእግር፣ በኪራይ ብስክሌትና በክልሉ አውቶቡስ መዞር ይቻላል። የአውቶቡሱን ሰዓት ግን ቀድማችሁ እዩት። በእሑድና በበዓል ቀን ጥቂት ነው፣ ከበጋ ውጭ ደግሞ ይብስበታል።

አራት፦ ማደሪያ

ሦስት ቦታ ላይ አተኩሩ። ሞርጋ ሰፊና የተከለለ የአሸዋ ዳርቻ ስላለው ለቤተሰብ ይሆናል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የመኪና ፋብሪካው ባለቤት አርማን ፔዦ ያለማው የመዝናኛ መንደር ነው፤ አሮጌዎቹ ቪላዎች አሁንም አሉ። ካማሬ የዓሣ አጥማጆች ወደብ ነው፣ ለእግረኛ ይመቻል። ክሮዞን ከተማው ከባሕሩ ትንሽ ራቅ ይላል፤ ሱፐርማርኬቱና ፋርማሲው ያለው ግን እዚያ ነው። ገንዘብ ለመቆጠብ «ካምፒንግ» የሚባሉትን የድንኳን ሜዳዎች ፈልጉ። ብዙዎቹ ሻወርና ማብሰያ አላቸው። በባሕሩ ዳር በራሳችሁ ድንኳን መትከል ግን ክልክል ነው።

አምስት፦ የመጀመሪያውን ቀን በእግር ጀምሩት

የብረታኝን ዳርቻ በሙሉ የሚከተል ጄ ኤር 34 የሚባል የእግር መንገድ አለ። ከሞን ሳን ሚሼል አካባቢ ተነሥቶ ሳን ናዜር ይደርሳል፤ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የተጀመረው ለመንገደኛ አልነበረም። ከፈረንሳይ አብዮት ዘመን ጀምሮ ጉምሩክ ጠባቂዎች ኮንትሮባንድ ለመያዝ ቀንና ሌሊት የሚመላለሱበት መንገድ ነበር። ለዚህ ነው በየጉድባውና በየአፋፉ የሚሽሎከሎከው፤ ጀልባ ሊጠጋ የሚችልበትን ቦታ ሁሉ ማየት ነበረባቸው። ለእኛ ያ ዕድል ሆነልን።

ምልክቱን ማንበብ ቀላል ነው። በድንጋይ፣ በግንድ ወይም በእንጨት ላይ ነጭና ቀይ መስመር ከላይና ከታች ተቀብቷል። ያን ካያችሁ መንገዱ ልክ ነው። ሁለቱ መስመሮች እንደ ኤክስ ከተጣመሩ ተሳስታችኋል፣ ተመለሱ። ረዘም ላለ ጊዜ ምንም ምልክት ካላያችሁ መጨረሻ ወዳያችሁት ተመልሳችሁ ፈልጉ።

ለመጀመሪያ ቀን የምመርጥላችሁ ከሞርጋ ወደብ ተነሥቶ ካፕ ደ ላ ሼቭር እስከሚባለው ወደ ባሕር የገባ የምድር ጫፍ ያለውን ነው። ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ኪሎ ሜትሩ ብዙ አይደለም፣ ነገር ግን ዳገትና ቁልቁለቱ አያልቅም። ይህ የምሥራቁ ወገን ከነፋስ የተጠለለ ነው። ጥድ አለ፣ ውኃው አረንጓዴና ጥርት ያለ ነው፤ የሜዲትራኒያን ዳርቻ ሊመስላችሁ ይችላል። መንገዱ ላይ ኢል ቪየርዥ የምትባለውን ትንሽ የባሕር ዳርቻ ከላይ ታዩዋታላችሁ። በኢንተርኔት ፎቶዋን ያላየ የለም። ወደ ታች መውረድ ግን በድንጋይ መናድ ምክንያት ተከልክሏል። አጥር ዘለው የሚወርዱ ሰዎች ታያላችሁ። አትከተሏቸው። ውበቷ እንደሆነ ከላይ ነው የሚታየው።

ካፑ ላይ ስትደርሱ ሁሉም ነገር ይለወጣል። ዛፍ የለም። ነፋሱ ይመታችኋል። ከ90 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ገደል ላይ የዱዋርነኔ ባሕረ ሰላጤ ከዳር እስከ ዳር ይታያል። እዚያ ቁጭ ብላችሁ ምሳችሁን ብሉ። መመለሻችሁን ግን ከመነሣታችሁ በፊት አስቡበት። በዚያው መንገድ ከተመለሳችሁ ሙሉ ቀን ነው። ልጆች ካሉ አንድ ሰው መኪናውን ካፑ ላይ አቁሞ ቢጠብቅ ይሻላል።

ስለ ልብስ፦ ጠዋት ፀሐይ ስላያችሁ አትታለሉ። ነፋስ የማያስገባ ቀጭን ጃኬት፣ የማያንሸራትት ጫማ፣ ለሰው አንድ ሊትር ተኩል ውኃ ያዙ። መንገድ ላይ የሚሸጥ ነገር የለም። በቁጥቋጦ መሃል ስታልፉ ረጅም ሱሪ ይጠቅማል፤ መዥገር አለ። ማታ ገላችሁን ስትታጠቡ ከጉልበት ጀርባና ብብት ሥር እዩ። ከተገኘ ሳትጨፈልቁ በትዊዘር ወይም ከፋርማሲ በሚገዛ ማውጫ ንቀሉት።

እሳት በፍጹም አታንድዱ፣ ሲጋራም አትጣሉ። በ2022 ጁላይ እዚህ አቅራቢያ ያለው የሞንት ዳሬ ተራራማ ምድር በእሳት በስፋት ተቃጥሏል። ይህ ቁጥቋጦ በበጋ ደረቅ ነው።

ስድስት፦ ባሕሩ የሚሸሽበትን ቀን ለደሴቱ ስጡት

ኮኤፊሲያኑ ከፍ ያለበትን ቀን አስቀድማችሁ መርጣችኋል። በዚያ ቀን ከሞርጋ በስተ ምሥራቅ ወዳለው ላቤር የአሸዋ ዳርቻ ሂዱ። ፊት ለፊት ኢል ደ ላቤር የምትባል ትንሽ ደሴት አለች፤ አናቷ ላይ አሮጌ የወታደር ምሽግ ተቀምጧል። ባሕሩ ሲሸሽ በእግር ይደረሳል።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ዝቅተኛው ሰዓት ሊደርስ አንድ ሰዓት ተኩል ሲቀር ዳርቻው ላይ ሁኑ። ውኃው ከመንገዱ እስኪወጣ ጠብቁና ተሻገሩ። ደሴቷን ዙሩ። ዝቅተኛው ሰዓት ራሱ ሲደርስ መመለስ ጀምሩ። «ገና ነው፣ ውኃው ሩቅ ነው» የሚል ሰው ከመካከላችሁ ይኖራል። ስልካችሁ ላይ ማንቂያ ሙሉና በማንቂያው ተመሩ። ውኃው ከቀደማችሁ በዋና ለመሻገር አትሞክሩ። ከፍ ያለው ቦታ ላይ ቆዩና በ196 ደውሉ፤ በፈረንሳይ የባሕር አደጋ ስልክ ነው። 112ም ይሠራል።

ልጆች ካሉ ከዚያ ቀን ሁሉ የሚወዱት አለቱ መሃል የቀረውን ውኃ ነው። ጎንበስ ብላችሁ ዝም ብላችሁ ስትጠብቁ ነገሩ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ሸርጣን ከጥላ ሥር ብቅ ይላል። አበባ የመሰለ ቀይ እንስሳ ጣቶቹን ይዘረጋል፤ ሲነካ ይሰበሰባል። ድንጋይ ከገለበጣችሁ ቀስ ብላችሁ፣ ያለውን አይታችሁ በነበረበት ገጽ መልሱት። የታችኛው ገጽ ላይ የሚኖረው ፀሐይ ሲያገኘው ይሞታል፤ የላይኛው ደግሞ ከሥር ሲሆን ይበሰብሳል። ይህ የሁለት ሰከንድ ሥራ ነው።

የአገሩ ሰው በዚያ ቀን ባልዲና መጫሪያ ይዞ ዛጎል ሲለቅም ታያላችሁ። መልቀም ይፈቀዳል፣ ግን የየዓይነቱ መጠን ገደብ አለው፤ ለምሳሌ ሙል የሚባለው ጥቁር ዛጎል ከ4 ሴንቲ ሜትር ማነስ የለበትም። ውኃው ሲመረዝም በባለሥልጣናት ትእዛዝ ይከለከላል። መርዙን ማብሰል አያጠፋውም። ዳርቻው መግቢያ ላይ ያለውን ማስታወቂያ ሳታነቡ ምንም አትልቀሙ።

ሰባት፦ የት እንደምትዋኙ እወቁ

ይህን ክፍል ላላችሁ አታንብቡት። ላ ፓሉ፣ ሎስማርክና ፔን አት የሚባሉት የምዕራቡ ዳርቻዎች በጣም ያምራሉ። ሰፊ ናቸው፣ ነጭ ናቸው፣ ብዙ ጊዜ ሰው የለባቸውም። መዋኘት ግን ክልክል ነው። ከሥር ያለው ጅረት ሰው ይጎትታል፣ ዋና የሚችለውንም ጭምር። ለፎቶ፣ ለእግር ጉዞ፣ ጀንበር ስትጠልቅ ለማየት ሂዱ። ውኃው ጉልበታችሁ ሳይደርስ ተመለሱ።

ለመዋኘት ሞርጋን ምረጡ። በጁላይና በኦገስት ጠባቂዎች አሉ። አረንጓዴ ባንዲራ ከተሰቀለ ግቡ፣ ቢጫ ከሆነ ተጠንቅቃችሁ፣ ቀይ ከሆነ አትግቡ። ሐምራዊ ባንዲራ ካያችሁ ውኃው ተበክሏል ወይም አደገኛ እንስሳ አለ። ቀይና ቢጫ በሆኑት ሁለት ባንዲራዎች መካከል ብቻ ዋኙ። ውኃው በበጋም ቢሆን ቀዝቃዛ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ። በአንድ ጊዜ አትዝለሉ። እጅ፣ አንገት፣ ደረት እያላችሁ ግቡ።

ጅረት ከወሰዳችሁ ከሱ ጋር አትታገሉ። በጀርባ ተንሳፈፉ፣ እጅ አንሡ፣ ጉልበት ካላችሁ ወደ ጎን ዋኙ። የሚገድለው ድካሙ ነው።

ዋና የማትችሉ ከሆነ የባሕሩን ዋሻዎች በጀልባ እዩ። ከሞርጋ ወደብ የሚነሡ የጉብኝት ጀልባዎች አሉ፤ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። አለቱ ውስጥ ያለው ማዕድን ግድግዳውን ቀይ፣ ሮዝና አረንጓዴ ቀለም ሰጥቶታል። ጀልባው የሚወጣበት ሰዓት በባሕሩና በነፋሱ ስለሚወሰን ዋዜማውን ጠይቁ። ካያክም እዚያው ይከራያል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ከአስጎብኚ ጋር ብቻ ውጡ።

ስምንት፦ ለካማሬ ከሰዓት በኋላውን ስጡ

በወደቡ ግድብ ላይ አርጅተው የተጣሉ የእንጨት ጀልባዎች ተደርድረዋል። ካማሬ ከሎብስተር አጥማጅነት ትኖር በነበረበት ዘመን ባሕር ያቋርጡ የነበሩ ናቸው። ከነሱ አጠገብ በ1690ዎቹ የተሠራው ቀይ ማማ አለ። የንጉሡ መሐንዲስ ቮባን ያቀደው ነው። በ1694 እንግሊዞችና ሆላንዶች እዚህ ወታደር ሊያወርዱ ሞክረው ተመልሰዋል። ማማው በ2008 ከሌሎች የቮባን ምሽጎች ጋር በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል።

ከወደቡ ሽቅብ ስትወጡ ላጋትጃር ጋ ከስድሳ በላይ የቆሙ ድንጋዮች በረድፍ ታገኛላችሁ። የጥያንና የአክሱምን ሐውልት ያየ ሰው ቁመታቸው ላያስደንቀው ይችላል። ግን ዕድሜያቸው በሺህ ዓመታት የሚቆጠር ነው፤ ወድቀው የነበሩትን በ1928 አቁመዋቸዋል። እዚያው አጠገብ የገጣሚው ሳን ፖል ሩ መኖሪያ ፍርስራሽ አለ። በ1944 በአውሮፕላን ቦምብ የፈረሰ ነው።

ከዚያ ፔን ሂር ወደሚባለው የገደል ጫፍ ቀጥሉ። ገደሉ 70 ሜትር ገደማ ነው። ከጫፉ ወዲያ ትልልቅ ቋጥኞች በመስመር ባሕር ውስጥ ቆመዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለጀርመን ወረራ ካልተገዛው የነፃ ፈረንሳይ ጦር ጋር ለተሰለፉ የብረታኝ ሰዎች የቆመ ትልቅ የመስቀል ሐውልትም አለ። ልጅ እጁን ያዙት፤ አጥር የለም። አመሻሽ ላይ፣ ፀሐይ ወደ ባሕሩ ስትወርድ እዚያ መሆን ነው።

ዘጠኝ፦ ዝናብ ቢዘንብ

ይዘንባል። ብዙ ጊዜ ግን ግማሽ ቀን ነው። ሳንት ኤርኖ መንደር ያለውን የማዕድን ቤተ መዘክር እዩ፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ በልዩ ብርሃን የሚያበሩ ድንጋዮች ልጆችን ያፈዝዛሉ።

እኔን ግን የሚስበኝ ላንዴቬኔክ ነው። በአምስተኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ቅዱስ ጌኖሌ የመሠረተው ገዳም ነው። በ913 ቫይኪንጎች አቃጥለውታል፣ እንደገና ተሠርቷል፣ ከአብዮቱ በኋላ ፈርሷል። ዛሬ ፍርስራሹ ከነቤተ መዘክሩ ይጎበኛል። ከሱ ከፍ ብሎ ደግሞ መነኮሳት የሚኖሩበት አዲሱ ገዳም አለ። ጸሎታቸው ላይ ጎብኚ መቀመጥ ይችላል። ዝም ብላችሁ ግቡ፣ ስልክ አጥፉ። በሱቃቸው ከፍራፍሬ የተሠራ ከረሜላ ይሸጣሉ፤ ለጾመኛም ይሆናል።

ጉዟችሁ በኦገስት መጨረሻ ከሆነ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ሳንት አን ላ ፓሉ ላይ የቅድስት ሐና ንግሥ ይከበራል። የሚውለው በወሩ የመጨረሻ እሑድ ነው። ሰንደቅና ሥዕል ተሸክመው በሜዳው ይዞራሉ፣ አንዳንዶቹ ጥንታዊውን የሀገር ልብስ ለብሰው። ታቦት አጅቦ ያደገ ሰው እንግድነት አይሰማውም።

አሥር፦ የምትበሉት

በገጠር ፈረንሳይ ምሳ ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ወጥ ቤቱ ይዘጋል። ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ለምናችሁም አይሰጧችሁም። ሱቆችም ቀትር ላይ ይዘጋሉ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አብዛኛው ዝግ ነው። ስለዚህ ዳቦና ፍራፍሬ በቦርሳ ይኑር።

የአገሩ ምግብ ጋሌት ነው። ባክዊት ከሚባል ጥቁር እህል ዱቄት በክብ ብረት ምጣድ ላይ ይጋገራል። ጋጋሪዋን ቆማችሁ እዩ። ሊጡን መሃል ላይ ታፈሰዋለች፣ ከዚያ በትንሽ የእንጨት መግፊያ ወደ ዳር እየዞረች ትስበዋለች። የኛ እንጀራ ከዳር ተጀምሮ ወደ መሃል ይሄዳል፤ የነሱ ከመሃል ወደ ዳር። ዳሩ ሲነሣ ታጥፈዋለች።

ጥንቃቄ ለሚያስፈልገው፦ «ኮምፕሌት» የሚባለው እንቁላል፣ አይብና የአሳማ ሥጋ አለው። ምጣዱም በቅቤ አንዳንዴም በአሳማ ስብ ይታሻል። ሊጡ በጥንቱ አሠራር ዱቄት፣ ውኃና ጨው ብቻ ነው፤ እንቁላል የሚጨምሩም አሉ። ስለዚህ ቀድማችሁ ጠይቁ። «ሳን ጃምቦን» ያለ አሳማ፣ «ሳን በር» ያለ ቅቤ፣ «ሳን ኧፍ» ያለ እንቁላል ማለት ነው። ጾመ ፍልሰታ በኦገስት 7 ጀምሮ 21 ስለሚያበቃ ከጉብኝቱ ወቅት ጋር ይገጥማል። በዚያ ሰሞን ማብሰያ ያለው ማደሪያ ብትይዙ ይቀላል፤ ድንቹና አርቲሾ የሚባለው አትክልት የአካባቢው ምርት ነው። ሲድር የሚባለው የፖም መጠጥ አልኮል አለው፣ ልጆች እንዳይሳሳቱ። ፍስክ ለሆነ ሰው ደግሞ ከዱዋርነኔ የመጣው ኩዊን አማን የሚባለው የቅቤና የስኳር ዳቦ አለ። ትኩሱን ጠይቁ። አንድ ቁራጭ ለሁለት ሰው ይበቃል።

አሥራ አንድ፦ መመለሻው

ከብሬስት የሚነሣው ባቡራችሁ ከሰዓት በኋላ ይሁን። ከለ ፍሬ የሚነሣው ጀልባ ነፋስ ከበረታ ሊሰረዝ ስለሚችል የአውቶቡሱን ሰዓትም በእጃችሁ ያዙ። መኪና ካላችሁ ስትወጡ ሜኔዝ ኦም ላይ አንድ ጊዜ ቁሙ። 330 ሜትር ነው፣ መኪና እስከ አናቱ አካባቢ ይወጣል። የተመላለሳችሁበትን ዳርቻ በሙሉ፣ ሞርጋንም ካፑንም፣ ከዚያ ላይ ታዩታላችሁ። ለዚህ ሃያ ደቂቃ ይበቃል፤ ብሬስት ለመድረስ ደግሞ አንድ ሰዓት አስሉ፣ የኪራይ መኪና ለመመለስና ነዳጅ ለመሙላት ሌላ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ።